የቃሉ ጓዳ ሲከፈት

እንግሊዝኛን አብዛኞቻችን የተማርነው በዝርዝር ነው። መምህሩ ሰሌዳውን ለሁለት ይከፍልና በስተግራ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በስተቀኝ የአማርኛ ፍቺውን ይጽፋል፤ ተማሪው ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፤ ማታ ይሸመድዳል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ተማርኩ፤ መምህር ከሆንኩ በኋላም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ አስተማርኩ። መንገዱ ለፈተና ያደርሳል። አንድ ጥያቄ ግን ሳይነሣ ይቀራል፤ ይህ ነገር ለምን በዚህ ስም ተጠራ? ዛሬ ይህችን ጥያቄ ይዘን ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላትን ቀስ እያልን እንመልከት። ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበደው እንሄዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን "ውብ ቃል" ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንለይ። ቃል ሁለት ነገር ይዟል፤ ጆሮ የሚሰማው ድምፅና ልብ የሚረዳው ትርጉም። ታዲያ ውበቱ ከየትኛው ነው? በ1955 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ሊቅና ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን ስለ እንግሊዝኛና ስለ ዌልስ ቋንቋ ባደረገው ንግግር "ሴላር ዶር" የሚለውን ጥምር ቃል አንሥቶ ነበር። ፍቺው የምድር ቤት በር ማለት ነው። ፍቺውንና የፊደል አጻጻፉን ትተን ድምፁን ብቻ ካዳመጥን፣ አብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ውበቱን ያምናል የሚል ሐሳብ ነበረው። እስቲ ድምፅ አውጥታችሁ በሉት። እንግሊዞች የመጨረሻዋን "ር" ስለማያሰሙ "ሴላ ዶ" ወደሚል ይጠጋል። "ስ" ሾልካ ትወጣለች፤ "ል" ምላስ ላይ ትፈስሳለች፤ "ድ" በቀስታ ነካ አድርጋ ታልፋለች፤ ከዚያ ረጅም አናባቢ ብቻ ይቀራል። አፋችን አንድም ቦታ ላይ አይቸገርም። ጆሮን ደስ የሚለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደናል። ብሪቲሽ ካውንስል 70ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2004፣ እንግሊዝኛ የሕዝቡ ቋንቋ ባልሆነባቸው 102 አገሮች የሚኖሩ ከ40,000 በላይ ሰዎችን፣ ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ውቡ የትኛው ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። አንደኛ የወጣው "ማዘር" (እናት) ነው። "ፓሽን" (ጽኑ ስሜት)፣ "ስማይል" (ፈገግታ)፣ "ላቭ" (ፍቅር) እና "ኢተርኒቲ" (ዘላለም) ተከትለውታል። እነዚህ ሰዎች የመዘኑት ድምፅ ቢሆን ኖሮ "ብራዘር" (ወንድም) የሚለውም አብሮ ከላይ በወጣ ነበር፤ የሁለቱ ቃላት ድምፅ በጣም ይቀራረባልና። ሰዎቹ የመረጡት በቃሉ ውስጥ ያለችውን ሰው ነው።

እኔ ደግሞ ሦስተኛ ውበት አለ እላለሁ፤ ቃሉ መጀመሪያ ሲወጣ ሰዎች በዐይናቸው ፊት የነበረው ሥዕል። ቃል እንደ ቤት ነው፤ ሳሎን አለው፣ ጓዳም አለው። ሳሎኑ የዛሬው ፍቺ ነው። ወደ ጓዳው እንዝለቅ።

"ዊንዶው" መስኮት ማለት እንደሆነ ሕፃናትም ያውቃሉ። ቃሉን ለሁለት ክፈሉት። የመጀመሪያው ክፍል "ዊንድ" ነው፤ ነፋስ። ሁለተኛው ክፍል በዛሬው እንግሊዝኛ ለብቻው ምንም ማለት አይደለም፤ ቃሉ የመጣው ከጥንታዊ ኖርስ (የስካንዲኔቪያ ሰዎች ድሮ ይናገሩት ከነበረው ቋንቋ) ስለሆነ ነው። በዚያ ቋንቋ "ቪንድአውጋ" ይባል ነበር፤ "አውጋ" ዐይን ነው። መስኮት የነፋስ ዐይን ነበር ማለት ነው። ለምን ነፋስ? የዚያን ዘመን ቤት አስቡት። መስታወት የለም። መሐል ወለሉ ላይ እሳት ይነዳል። ጭስ እንዲወጣና ብርሃን እንዲገባ አንድ ቀዳዳ ይተዋል። በክረምት ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ያ ቀዳዳ ከምንም በፊት የነፋስ መግቢያ ነው። ቤቱ በዚያ ዐይኑ ውጭውን ያያል፤ ነፋሱም በዚያው ወደ ውስጥ ያያል። እኛስ "ደጃፍ" የምንለው ምንድን ነው? ደጅና አፍ። የእነሱ ቤት ዐይን ሲኖረው የእኛ ቤት አፍ አለው።

የስካንዲኔቪያ ቃል እንግሊዝ አገር ምን አደረሰው? በ793 ቫይኪንጎች (በመርከብ የሚዘምቱ የስካንዲኔቪያ ሰዎች) በሊንዲስፋርን ደሴት ባለው ገዳም ላይ አደጋ ጣሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት የመጡት ግን ሁሉም ዘርፈው አልተመለሱም፤ ብዙዎቹ በእንግሊዝ ሰሜንና ምሥራቅ ሰፈሩ፣ አረሱ፣ ተጋቡ። ከእነሱ የተወረሱት ቃላት የየቀኑ ኑሮ ቃላት የሆኑት ለዚህ ነው፤ "ኤግ" (እንቁላል)፣ "ናይፍ" (ቢላዋ)፣ "ስካይ" (ሰማይ)። እንግሊዞች ከዚያ በፊት ለመስኮት የራሳቸው ቃል ነበራቸው፤ ሲፈታ "የዐይን ቀዳዳ" ማለት ነው። ያ ቃል ጠፍቷል። "ቀዳዳ" የሚለው ግማሹ ግን "ኖስትሪል" (የአፍንጫ ቀዳዳ) በሚለው ቃል ጭራ ላይ ተሸሽጎ እስከ ዛሬ አለ። ተናጋሪዎቹ ራሳቸው አያውቁትም፤ በየቀኑ ይጠሩታል።

ከዐይን ሳንወጣ አንዲት አበባ እንይ። "ዴይዚ" የምትባለው ነጭ ቅጠሎች ያሏት፣ መሐሏ ቢጫ የሆነች ትንሽ የመስክ አበባ ናት። ማታ ነጫጭ ቅጠሎቿን ሰብስባ ቢጫውን ትሸፍናለች፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ትገልጠዋለች። ይህን ያዩ የጥንት እንግሊዞች "የቀን ዐይን" አሏት። "ዴይ" ቀን ነው፤ "ዚ" በምትለው ጫፍ ውስጥ ደግሞ "አይ" (ዐይን) የሚለው ቃል ቅሪት አለ። አንድ ገበሬ ማለዳ ወደ እርሻው ሲሄድ ያየው ነገር በሁለት ቀለም ቃል ውስጥ ተቀምጦ ከሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ እኔም ደስ ይለኛል።

አሁን ትንሽ ወደ ከበደው እንለፍ። "ሎርድ" (ጌታ) የሚለውን ቃል ለሁለት ክፈሉ ብላችሁ አትችሉም፤ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ቃል ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ግን ረጅም ነበር፤ "ህላፍዌርድ"። "ህላፍ" ዳቦ ነው፤ ዛሬ "ሎፍ" ይባላል። "ዌርድ" ጠባቂ ነው። ጌታ ማለት ዳቦ ጠባቂ ማለት ነበር። "ሌዲ" (እመቤት) ደግሞ በዚያው ዘመን ዳቦ አቡኪ ነበረች፤ የቃሏ ሁለተኛ ክፍል "ዶው" (ሊጥ) ከሚለው ጋር ዘመድ ነው። በጌታው ቤት የሚያድረው አገልጋይ ምን ተባለ? ዳቦ በላተኛ። እንግዲህ ቤተሰቡ በሙሉ በዳቦ ተሰይሟል፤ የሚጠብቀው፣ የምታቦካውና የሚበላው። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ገንዘብ እምብዛም በማይዘዋወርበት አገር የሰው ሥልጣን የሚለካው ስንት ሰው ማብላት ይችላል በሚለው ነው። ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የአባታችንን አዲስ ሚስት "እንጀራ እናት" እንላለን፤ ሥራ የያዘ ሰው "እንጀራ አገኘ" ይባላል። ምግቡ ዝምድናንም ኑሮንም ይሰይማል።

"ህላፍዌርድ" እንዴት "ሎርድ" ሆነ? እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱ ብዙ ሌሎች ቃላትንም ይፈታልናልና። ነባሩ የእንግሊዝኛ ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው መጀመሪያው ላይ ነው። ተናጋሪው የቃሉን ራስ በኃይል ይጠራና ጭራውን ያላላዋል። የላላው ድምፅ በልጆች ጆሮ ደብዘዝ ብሎ ይገባል፤ እነሱም ሲያድጉ ይበልጥ አሳጥረው ይናገሩታል። "ህላፍዌርድ" "ህላፎርድ" ሆነ፤ ቆይቶ "ሎቨርድ"፤ በመጨረሻ "ሎርድ"። ሁለተኛው ምክንያት ድግግሞሽ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ የሚጠራ ቃል እንደ ደጃፍ ድንጋይ እየተረገጠ ያልቃል፤ አልፎ አልፎ የሚጠራ ቃል ግን ማዕዘኑን ይዞ ይቆያል። በአማርኛም ይህንኑ እናያለን። "ደጃዝማች" ደጅና አዝማች ነው፤ "ቀኛዝማች" ቀኝና አዝማች፤ "ፊታውራሪ" ፊትና አውራሪ። የእኛዎቹ ገና ስፌታቸው ይታያል፤ የ"ሎርድ" ግን ስፌቱ ጠፍቷል።

ቃል ከማለቅ ሌላ ደግሞ ድንበሩ ሊገፋ ይችላል። እንግሊዝኛ "አንድ" ለማለት ከስም በፊት "ኤ" ወይም "አን" ያስቀድማል፤ ስሙ በተነባቢ ሲጀምር "ኤ"፣ በአናባቢ ሲጀምር "አን"። በንግግር ጊዜ ግን ሁለቱ ተጣብቀው ስለሚወጡ መሐል ያለችው "ን" የማን እንደሆነች ጆሮ አይለይም። ሽርጥ በድሮው እንግሊዝኛ "ናፕሮን" ነበር። "ኤ ናፕሮን" ሲባል የሰማ ሰው "አን አፕሮን" የተባለ መሰለው፤ ዛሬ ሽርጥ "ኤፕረን" ሆኖ ቀርቷል። ዘመዱ "ናፕኪን" (የአፍና የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ) ግን "ን"ዋን አላስነጠቀም። እፉኝትም እንዲሁ "ናደር" ነበረ፤ "አደር" ሆነ። በተቃራኒው ደግሞ ሌላ ቃል ያልነበረውን "ን" አገኘ። "ኢክኔም" ተጨማሪ ስም ማለት ነበር፤ "አን" ከሚለው ላይ "ን"ን ወስዶ "ኒክኔም" (ቅጽል ስም) ሆነ። ለምን ማንም አላረመውም? ብዙው ሰው ስለማያነብ ቃሉ የሚኖረው በጆሮ ብቻ ነበር። የተጻፈ ቃል በሌለበት ማን ትክክል እንደሆነ የሚዳኝ የለም።

እስካሁን ያየናቸው አብዛኞቹ ከሰሜን አውሮፓ የመጡ የቤትና የእርሻ ቃላት ናቸው። በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም እንግሊዝን ሲወርር ደግሞ ፈረንሳይኛ የገዢዎች ቋንቋ ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቋንቋ ላቲን እንደነበረ ቀጠለ። በዚህ ምክንያት እንግሊዝኛ ለአንድ ሐሳብ ሦስት ቃል ያለው ጊዜ አለ፤ "ኪንግሊ" ነባር፣ "ሮያል" ከፈረንሳይ፣ "ሪጋል" ከላቲን፤ ሦስቱም "ንጉሣዊ" ናቸው። ተማሪ መዝገበ ቃላት ከፍቶ ተመሳሳይ ፍቺ ሲደራረብበት ይሰለቻል፤ ጥፋቱ የታሪክ እንጂ የእሱ አይደለም።

ከሩቅ የመጡም አሉ። ከእኛ ጋር ጉዳይ ያለው አንዱ "ሲቬት" ነው። ከጥርኝ የሚወጣውን ሽታው ኃይለኛ ቅባትም፣ እንስሳውንም ይጠራል። ቃሉ ከዐረብኛው "ዘባድ" ተነሥቶ በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ ገባ። የእኛው "ዝባድ"ም ያው ቃል ነው። የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ለዘመናት ዝባድን በከብት ቀንድ አሽገው ለሽቶ ሥራ ወደ ውጭ ሲልኩ ኖረዋል። ዕቃውን የላከች አገርና ዕቃውን የተቀበለች አገር ሳይተዋወቁ በአንድ ስም ይጠሩት ነበር።

ስለ እንግሊዝኛ ቃላት እያወሩ ሳሙኤል ጆንሰንን አለማንሣት አይቻልም። በ1755 ከ42,000 በላይ ቃላት የያዘ ታላቅ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ይኸው ሰው ገና በወጣትነቱ፣ በ1735፣ የፖርቱጋሉ ካህን ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ አገራችን የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር፤ በ1759 ደግሞ ዋና ባለታሪኩ የኢትዮጵያ ልዑል የሆነ ልብ ወለድ ጻፈ። የልዑሉ ስም "ራሰላስ" ነው። ጓዳውን ብትከፍቱ የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ስዕለ ክርስቶስ እዚያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ማዕረጉና ስሙ አንድ ላይ ተጣብቀው፣ ጭራው ተቆርጦ፣ ለእንግሊዝ አፍ የሚመች አዲስ ስም ወጣ። በ"ሎርድ" ላይ በመቶ ዓመታት የደረሰው ነገር በራስ ስዕለ ክርስቶስ ላይ በአንድ ደራሲ ብዕር ደረሰ።

ከ"ራሰላስ" በቀር እስካሁን ያየናቸው ቃላት ማን እንደፈጠራቸው አይታወቅም። የተወለዱበት ቀን የሚታወቅ ቃልስ አለ? አለ። "ሰረንዲፒቲ" (ሳይፈልጉት የተገኘን መልካም ነገር አስተውሎ መያዝ) የተወለደው ጃንዋሪ 28 ቀን 1754 ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሆራስ ዋልፖል በዚያ ቀን በፍሎረንስ ለሚኖር ዲፕሎማት ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ቃሉን ራሱ እንደፈጠረው ገልጾ፣ ከየት እንዳመጣውም አብራርቷል። ስለ ሦስት የሰረንዲፕ ልዑላን የሚተርክ የቆየ ተረት አንብቦ ነበር። ልዑላኑ በጉዟቸው ላይ ያልፈለጓቸውን ነገሮች ያገኛሉ። ለምሳሌ በመንገዳቸው ዳር ሣሩ በአንድ በኩል ብቻ የተጋጠ ሆኖ ያያሉ፤ የተጋጠው ደግሞ ደካማው ሣር ነው፣ በሌላው ወገን ያለው ለምለሙ አልተነካም። ስለዚህ በዚህ ያለፈው ግመል አንድ ዐይኑ የታወረ ነው ይላሉ። ግመሉን አላዩትም። ዕድል ሣሩን አሳያቸው፤ ማስተዋላቸው ግመሉን አሳያቸው።

ብዙ ጊዜ ይህ ቃል "አጋጣሚ" ተብሎ ሲተረጎም እሰማለሁ። ይህ ቃሉን ያጎድለዋል። ዋልፖል ሁለቱንም ነው ያጣመረው፤ አጋጣሚውንና አስተዋይነቱን። በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳሕኑ ላይ ሻጋታ በቅሎ በዙሪያው ያለው ባክቴሪያ ሲጠፋ ተመለከተ። ሻጋታው መብቀሉ አጋጣሚ ነው። ሳሕኑን ተበላሽቷል ብሎ ከመጣል ይልቅ "ለምን ጠፋ?" ብሎ መጠየቁ ነው ወደ ፔኒሲሊን ያደረሰው። ሳሕኑን አጥቦ ቢያስቀምጥ ኖሮ አጋጣሚው ይኖር ነበር፣ ሰረንዲፒቲ ግን አይኖርም ነበር።

"ሰረንዲፕ" ራሱ ምንድን ነው? ፋርሶችና ዐረቦች ለዛሬዋ ስሪላንካ የሰጡት የቆየ ስም ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን የጻፈው ነጋዴው ኮስማስም ደሴቲቱን ሕንዶች "ሲየለዲባ" እንደሚሏት መዝግቧል፤ የስሞቹን ዝምድና ጆሯችሁ ይነግራችኋል። እዚያው መጽሐፉ ላይ ከአዱሊስ፣ ከአክሱም መንግሥት ወደብ፣ ተነሥተው ወደዚያች ደሴት የሄዱ ሰዎችንም ያነሣል። የእኛዎቹ ነጋዴዎች የዚህን ቃል አገር ቃሉ ከመፈጠሩ ከሺህ ዓመት በፊት ያውቋት ነበር።

የመጨረሻው ቃላችን ከሁሉም ታናሽ ነው። በጋው ረዝሞ መሬቱ ሲሰነጣጠቅ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል የሚነሣውን ሽታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛ "የአፈር ሽታ" ወይም "የዝናብ ሽታ" እንላለን። በ1964 ኢዛቤል ጆይ ቤር እና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች "ኔቸር" በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ "ፔትሪኮር" ብለው ሰየሙት። ቃሉ ከግሪክኛ ተሰፋ። "ፔትራ" ድንጋይ ነው፤ ጴጥሮስ የሚለው ስም የወጣው ከዚሁ ነው። "ኢኮር" በግሪኮች ተረት የአማልክት ደም ሥር ውስጥ የሚፈሰው ፈሳሽ ነው። የድንጋይ ደም ማለት ነው። ሳይንቲስቶች ለሥራቸው እንዲህ ያለ ስም ሲመርጡ ደስ ይለኛል፤ ቁጥርና ምሕጻረ ቃል መስጠት ይችሉ ነበርና።

ስሙ ግን ከተረት ቢመጣም ያለምክንያት አልተሰጠም። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ይህን ነው፤ በደረቁ ወራት ከዕፅዋት የሚወጣ ዘይት ድንጋይና ሸክላ አፈር ላይ ቀስ በቀስ ይከማቻል፤ እርጥበት ሲመጣ ይለቀቃል። ዘይቱ በእርግጥ ከድንጋዩ ይወጣል። ከእሱ ጋር ደግሞ "ጂኦስሚን" (ፍቺው የመሬት ሽታ) የተባለ፣ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን የሚሠሩት ቅመም ይቀላቀላል። የሰው አፍንጫ ለዚህ ቅመም እጅግ ንቁ ነው፤ በጣም ጥቂቱን እንኳ ይለየዋል። በሕንድ የካናውጅ ከተማ ሽቶ ቀማሚዎች ሳይንቲስቶቹ ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ይህንኑ የአፈር ሽታ አንጥረው በጠርሙስ ይሸጡ ነበር።

ሽታው ከመሬት ተነሥቶ አፍንጫችን ጋ የሚደርሰውስ እንዴት ነው? ይህን በ2015 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) ተመራማሪዎች ፈጣን ካሜራ ይዘው አዩት። የዝናብ ጠብታ ቀዳዳ ባለው አፈር ላይ ሲያርፍ ከሥሩ አየር ይይዛል። የታሰረው አየር ትንንሽ አረፋ ሆኖ በጠብታው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣና ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ እጅግ ደቃቅ ፍንጣቂ ወደ አየር ይረጫል። ሽታውን የሚሸከመው ያ ፍንጣቂ ነው፤ ነፋስ ሲያገኘው ርቆ ይሄዳል። ጠብታው በኃይል ሲወርድ ግን አረፋ የሚሠራበት በቂ ጊዜ እምብዛም አያገኝም። ስለዚህ ሽታው የሚያውደን ዝናቡ ገና ለስለስ ብሎ ሲጀምር ነው፤ ዶፉ ሲወርድ ይቀንሳል።